አርባ ሺኛው ሰዓት

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሰርቨር ክፍሉን በር ስከፍት ሁለት ብርቱካናማ መብራት ተቀበለኝ። እኔ ብርቱካናማ መብራት አልወድም። ቤቴ ውስጥ የታጠበ ብርጭቆ እንኳ ቦታውን ስቶ ካየሁ ቀኔ ይበላሻል፤ ሥራ ቦታዬ ላይ አረንጓዴ ያልሆነ ነገር ሳይ ደግሞ ሰላምታ አልመልስም። የጥበቃው ሠራተኛ ጠባዬን ያውቃልና፣ «ዛሬ ደግሞ ገና ከጠዋቱ?» ብሎ ከበሩ ዞር አለልኝ።

የምሠራው በጨረር ሕክምና ማዕከል ምድር ቤት ነው። ሁለት ሰርቨሮች አሉኝ፣ ዋናውና መጠባበቂያው። ዋናው የአርባ ሦስት ሕመምተኞችን የጨረር ዕቅድ ይዟል። ጨረሩ በየት በኩል እንደሚገባ፣ ለስንት ሴኮንድ እንደሚቆይ፣ እስከ ትናንት ስንት ቀን እንደተሰጠ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ያ ዕቅድ ከጠፋ ላይኛው ፎቅ ላይ ያለው ውድ ማሽን ዝም ብሎ የቆመ ብረት ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው እንደገና ፎቶ ተነሥቶ፣ ተለክቶ፣ ተሰልቶ ዕቅድ እስኪሠራ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። መጠባበቂያው ደግሞ በየቀኑ የዋናውን ቅጂ ይወስዳል።

ከአርባ ሦስቱ አንዷ ታላቅ እህቴ ናት። ጉሮሮዋ ላይ ነው የወጣባት። ከሠላሳ ቀን ሕክምናዋ አሥራ አራቱን ጨርሳለች፣ አሥራ አምስተኛው በዚያው ቀን አራት ሰዓት ከአርባ ላይ ነበር። ሐኪሟ ገና ሲጀምር፣ «ከዛሬ በኋላ መቋረጥ የለም። ካቋረጥን እሱ ያገግማል፣ እርስዎ ወደ ኋላ ይቀራሉ» ብሏታል። «እሱ» ያለው ዕጢውን ነው። እህቴ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማረች ሴት ናት፤ ያን ቀን ማታ ወረቀት አውጥታ ሠላሳ ሳጥን ሠራች። በየቀኑ አንዱን ታጠቁራለች።

ብርቱካናማ ያበሩት የመጠባበቂያው ሁለት ዲስኮች ነበሩ። ላፕቶፔን ሰክቼ መመርመሪያውን ከፈትኩ። መመርመሪያ የምንለው የሰርቨሩን ሆድ ዕቃ አንድ በአንድ የሚዘረዝር ፕሮግራም ነው፦ ማራገቢያው ደህና፣ ኃይሉ ደህና፣ ሙቀቱ ደህና፣ ዲስክ አንድ አልተገኘም፣ ዲስክ ሁለት አልተገኘም። ሁለቱም የቆሙት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ በአንድ ደቂቃ ነው። ዲስክ ይሞታል፣ ሥራዬ እሱን መቅበር ነው። ሁለት ዲስክ በአንድ ደቂቃ ግን ያለ ምክንያት አይሞትም።

ምክንያቱን አውቀው ነበር። ከስምንት ወር በፊት ከአምራቹ አንድ ማስታወቂያ መጥቶልን ነበር። እነዚህ ዲስኮች ውስጥ ያለው ፈርምዌር፣ ማለትም ዲስኩን ዲስክ የሚያደርገው ትንሽ ፕሮግራም፣ ስሕተት አለበት፤ ዲስኩ አርባ ሺህ ሰዓት የሠራ ዕለት ራሱን ይዘጋል፣ ዳግመኛም አይከፈትም። አዲስ ፈርምዌር ጫኑ ይላል። ጭኛለሁ! በዚያው ሳምንት በዚሁ መመርመሪያ አራቱም ዲስኮች ላይ ጫንኩ፣ ከወንበሬ ሳልነሣ ሰርቨሮቹን ሪስታርት አደረግሁ፣ ቅጹ ላይ «ተጠናቋል» ብዬ ፈረምኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ያ ወረቀትም ፊርማዬን ይዞ ስምንት ወር ፋይል ውስጥ ተኛ።

ማስታወቂያውን አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። አራተኛው መስመር፦ ሪስታርት አይበቃም፤ ኃይሉ ሙሉ በሙሉ ተነቅሎ አንድ ደቂቃ መቆየት አለበት። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት የእኔ ሪስታርት ነው። ዲስኮቹ ኪኒኑን ስምንት ወር ሙሉ አፋቸው ውስጥ ይዘውት ኖረዋል፣ አልዋጡትም።

ከእኔ በፊት የነበረው ቴክኒሽያን አሮጌና አዲስ ዲስክ እየቀላቀለ ይሰካ ነበር። «ቅራቅንቦ» እያልኩ ስቄበታለሁ። እኔ መልክ እወዳለሁ፤ አራቱንም ከአንድ ካርቶን አወጣሁ፣ በአንድ ቀን ሰካሁ፣ ከሰዓት በኋላ መጠባበቂያውን፣ ሲመሻሽ ዋናውን አበራሁ። አንድ ላይ አስነሣኋቸው፣ አንድ ላይ ሊሞቱ ነው።

ላፕቶፑን ዋናው ላይ ሰካሁት። እዚያም ሁለት ዲስክ ነው ያለው፣ አንዱ የሌላው ግልባጭ፣ አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲተካ። የሠሩበት ሰዓት፦ ሠላሳ ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሰባት። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል፦ «አዲሱ ፈርምዌር ተጭኗል፤ ሥራ ላይ አልዋለም።» ይቺን መስመር ስምንት ወር ሙሉ ወደ ታች ወርጄ አላየኋትም።

መመርመሪያው ሰዓት እንጂ ደቂቃ አይናገርም። ዘጠና ሰባቱ ገና የገባ ይሁን ሊወጣ የደረሰ አይታወቅም። ቁጥሩ ላይ ዓይኔን ተክዬ ጠበቅሁ፣ ለማርገብገብ እንኳ እየሰሰትኩ። ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ሲል ወደ ዘጠና ስምንት ዞረ። እንግዲህ ሁለት ሰዓት ቀረን፤ አራት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ላይ ሁሉም ያበቃል። እህቴ አራት ሰዓት ከአርባ ላይ ማሽኑ ሥር ትተኛለች።

ፋይሎቹን ወደ ላፕቶፔ ልገልብጥ ብል አይሆንም፤ የሕክምናው ፕሮግራም ለሕመምተኞች ምስጢር ሲባል ከመጠባበቂያው በቀር ለማንም አይሰጥም፣ መጠባበቂያው ደግሞ ሬሳ ነው። ትርፍ ዲስክ ቢኖር አንዱን ቀይሬ እገላገል ነበር፤ ግዥ ክፍል ጥያቄዬን ይዞ ስድስት ወሩ። ግዥ ክፍልን ቆሜ ረገምኩት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። መድኃኒቱ ቀላል ነበር፦ ሰርቨሩን አጥፍቶ፣ ነቅሎ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቆ መሰካት። ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ሰርቨሩ ሲጠፋ ግን ሕክምና ይቆማል፣ ሕክምና ለማስቆም ደግሞ የክፍሉ ኃላፊ ይፈቅዳል፣ ኃላፊው «ለምን?» ይላል።

ኃላፊው የጨረር ፊዚክስ ሰው ነው። ከኋላው «ሚሊሜትር» እንለዋለን። ጨረሩን በሚሊሜትር ይለካል፣ ወንበሩን ከጠረጴዛው በሚሊሜትር ያርቃል፣ ሳቁም ተለክቶ ነው የሚወጣው። ሦስት ሰዓት ከአምስት ላይ ወጣሁ። መጠበቂያ ወንበሮቹ ላይ ሕመምተኞቹ ተደርድረዋል፣ እህቴም ከወረፋዋ ቀድማ መጥታ መሐላቸው ተቀምጣለች። ድምፅዋ ሙልጭ ብሎ ጠፍቶ በሹክሹክታ ነው የምታወራው፤ ግን ወሬ አላቆመችም።

«ያቺትና» አለች በጣቷ እያሳየችኝ፣ «እህቴ። ይኼን ማሽን የምታዘው እሷ ናት። እሷ ባትኖር ማሽኑ ስማችንንም አያውቅም።»

«እንግዲያውስ ወረፋ ታሳልፈን!» አለ አንገቱ ላይ ፎጣ የጠመጠመ ሾፌር። ሁሉም ሳቁ። እኔም የሳቅሁ መሰለኝ።

ሚሊሜትር መቆጣጠሪያ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ነበር። «ዶክተር፣ ሰርቨሩን ሃያ ደቂቃ ማጥፋት አለብኝ» አልኩት።

«መቼ?»

«አሁን።»

«በሥራ ሰዓት?» መነጽሩን አውልቆ አየኝ። «ምን ተፈጠረ?»

እዚህ ላይ ነበር እውነቱን መናገር። ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። አፌን ከፈትኩ፣ የወጣው ግን ሌላ ነው። «አንድ ዲስክ መበላሸት ጀምሯል። ልቀይረው ነው።»

«ዲስክ ለመቀየር ሰርቨር አይጠፋም» አለ። «ሲገዛ አንቺው ነሽ ያስረዳሽኝ፣ እየሠራ ይነቀላል፣ እየሠራ ይሰካል ብለሽ። በጣም ኮርተሽበት ነበር።»

«አዎ፣ ግን ይኼኛው ለየት…»

«እንግዲያው በምሳ ሰዓት፣ ስድስት ላይ። አሁን አሥራ ሁለት ሰው አለኝ።» መነጽሩን መለሰ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ፣ «እሺ፣ በምሳ ሰዓት» አልኩና ወጣሁ። ምሳ ሰዓት ላይ የሚጠፋ ነገር እንደማይኖር እያወቅሁ።

ደረጃውን ስወርድ ውሸቴ ራሱ መላ ሰጠኝ። እውነት ነዋ፣ ዲስክ እየሠራ ይነቀላል። ከሁለቱ አንዱን ብነቅል ኃይል አጣ ማለት ነው፤ አንድ ደቂቃ ውጭ ቢቆይ ኪኒኑን ይውጣል። ማንም ሳያውቅ፣ ሕክምናው ሳይቆም። በደስታ ሁለት ሁለት ደረጃ ዘለልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት ማን ያስታውሰኝ!

ሦስት ሰዓት ከሠላሳ ላይ ዲስክ ሁለትን ነቀልኩት። ለብ ያለ ነው፣ እጅ ውስጥ የሚገባ። በሰዓቴ አንድ ደቂቃ ቆጠርኩ። ፊት ለፊቴ ባዶው ቀዳዳ ብርቱካናማ ያበራል። እኔ ደግሞ ባዶ ቀዳዳና ብርቱካናማ መብራት አልችልም፤ በሙያችን ክፍት ቦታ ትቶ መሄድ ነውር ነው፣ ሃያ ዓመት እጄ የለመደው የወጣውን ወዲያው መመለስ ነው። ደቂቃዋ እንዳለቀች መልሼ ገፋሁት፣ «ቀጭ» አለ።

መመርመሪያው ዲስክ ሁለትን አገኘው። አዲሱ ፈርምዌር ሥራ ላይ ውሏል ይላል። በደስታ እጄን በእጄ መታሁ። ቀጥሎ ሌላ መስመር መጣ፦ «ከዲስክ አንድ በመገልበጥ ላይ፣ ዜሮ ከመቶ።»

ዲስክ ተነቅሎ ሲመለስ ሰርቨሩ አያምነውም፤ «አንተ ውጭ ሳለህ እኔ ሥራ ሠርቻለሁ» ይልና ከደህናው ላይ እንደ አዲስ ይገለብጥበታል። የነበረበት እንዳልነበረ ይቆጠራል። ይኼን ለተለማማጆች የማስተምረው እኔ ነኝ። ከአንድ ደቂቃ በፊት የአርባ ሦስት ሰው ዕቅድ ሙሉ ቅጂ፣ ሰዓቱ የቆመ፣ ሊሞት የማይችል፣ እጄ ላይ ነበር። ኪሴ ከትቼው ብቀመጥ ኖሮ ሁሉም ነገር ተርፎ ነበር። እኔ ግን ቀዳዳ ባዶ ሆኖ አስጠላኝና መለስኩት። አሁን ሙሉ ቅጂ ያለው ዲስክ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ከአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ በኋላ ይሞታል።

ግልበጣው የሚያልቅበትን አየሁ፦ አራት ሰዓት ከሃያ ስድስት። እፎይ፣ ይደርሳል። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ላይ አንድ ሕመምተኛ ገባ፣ ማሽኑ ዕቅዱን ለመሳብ ሰርቨሩን ያዘው፤ ማብቂያው ወደ አራት ከሠላሳ ስምንት ተገፋ። ቀጣዩ ገባ፤ አራት ከአርባ ሰባት። ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ላይ ቆጣሪው ወደ ዘጠና ዘጠኝ ዞረ። ግልበጣው ሠላሳ አንድ ከመቶ ላይ ወይ ፍንክች ብሎ ተቀመጠ። አንድ ሰው ቢቀር፣ አንዱ ታክሲ አጥቶ ቢያረፍድ ብዬ ተመኘሁ። የታመመ ሰው ሕክምናው ይቅርበት ብዬ ተመኘሁ፣ ለፊርማዬ ስል። አራት ሰዓት ከአሥር ላይ የማብቂያው ሰዓት አምስት ሰዓት ከአምስት አለ።

በዚያች ደቂቃ ያየሁት የእህቴን ወረቀት ነው። አሥራ አራት የጠቆረ ሳጥንና አሥራ ስድስት ባዶ። ተነሥቼ ሮጥኩ።

የመቆጣጠሪያው ክፍል በር ወደ ሕመምተኞቹ ክፍት ነበር። ልዝጋው ብዬ አሰብኩ፣ ከዚያ ተውኩት። በር ለመዝጋት ፊት አልቀረኝም።

«ዶክተር፣ ሕክምናው ይቁም» አልኩ። «ቅድም የነገርኩዎት ውሸት ነው። ከስምንት ወር በፊት ያልጨረስኩትን ሥራ ጨርሻለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ። መጠባበቂያው ጠዋት ሞቷል፣ ዋናው አራት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ላይ ይሞታል። ካላጠፋነው የሁሉም ሰው ዕቅድ ይጠፋል።»

የማሽኑ ኦፕሬተር እጇን ከቁልፉ ላይ አነሣች። ሚሊሜትር ሰዓቱን አየ።

«ስንት ደቂቃ አለን?»

«አርባ ሁለት።»

«ዲስኩ ሁለት ነው አይደል? አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ።»

«ነበረ። ቅድም በድብቅ ላስተካክል ብዬ አንዱን ከጨዋታ ውጪ አድርጌዋለሁ። አሁን አንድ ብቻ ነው ያለው። አጥፍተን ስናበራው እሱ ካልነቃ…»

«ይገባኛል» አለ። ወደ ስክሪኑ ዞረ። ሾፌሩ ማሽኑ ሥር ተኝቷል፣ ፎጣው ወንበር ላይ ተሰቅሏል። «ይኼን ሰው መሐል ላይ አላቋርጥም። አሥራ ሁለት ደቂቃ ይቀረዋል። ከዚያ በኋላ ማንም አይገባም።»

አሥራ ሁለት ደቂቃ ቆምኩ። ከኋላዬ አንዲት ሴት፣ «ምንድን ነው የምትለው? የእኔም ጠፋ ማለት ነው?» አለች። ሌላው፣ «እህትሽ አይደለችም እንዴ?» ሲል ሰማሁት። በመጨረሻ የእህቴ ሹክሹክታ መጣ፦ «ተዉአት። ትሥራ።» ዞሬ ላያት አልደፈርኩም።

አራት ሰዓት ከሃያ ሁለት ላይ ሾፌሩ ወጣ፣ ሚሊሜትርም ተከትሎኝ ምድር ቤት ወረደ። ፕሮግራሞቹን አንድ በአንድ ዘጋሁ፣ ሰርቨሩን አጠፋሁ፣ ሁለቱንም የኃይል ገመድ ነቀልኩ። ማራገቢያዎቹ ቀስ እያሉ ቆሙ። አራት ዓመት ተኩል ሙሉ ያልቆመ ድምፅ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የመጠባበቂያው ማራገቢያና የሁለታችን ትንፋሽ ብቻ ሆነ። ሚሊሜትር ሰዓቱን ዓይኑ ድረስ አቅርቦ ቆጠረ። ስልሳ ሲል እጄን ሰነዘርኩ፣ «ቆይ» አለ፣ ስልሳ ጨመረ።

«ማስታወቂያው አንድ ደቂቃ ነው የሚለው» አልኩት።

«ማስታወቂያውን አንብበሻል ማለት ነው» አለ።

ሰካሁ፣ አበራሁ። ማራገቢያዎቹ ጮኹ። ሰርቨር ሲነሣ የሰው ትዕግሥት ይለካል፤ ራሱን ከእግር እስከ ራስ እየዳሰሰ፣ እያንዳንዱን ዕቃ እየጠራ፣ ሳይቸኩል ነው የሚነሣው። አምስት ደቂቃ፣ ስምንት ደቂቃ። መመርመሪያው ተከፈተ። ማራገቢያው ደህና። ኃይሉ ደህና። ዲስክ ሁለት፣ ያልተሟላ። ዲስክ አንድ፣ በመፈለግ ላይ።

በመፈለግ ላይ። ነጥቦቹ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ፣ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ። እንደ ሕፃን እያባበልኩት ነበር፣ «ና፣ እባክህ፣ ና» እያልኩ። ሚሊሜትር ጎኔ ተንበረከከ፣ ያ ሱሪው ላይ አቧራ የማያስነካ ሰው። «ይኼን ያህል መቆየት የተለመደ ነው?» አለ።

«አይደለም።»

አራት ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ላይ መስመሩ ተቀየረ። ዲስክ አንድ ተገኝቷል። አዲሱ ፈርምዌር ሥራ ላይ ውሏል። የሠራበት ሰዓት፣ ሠላሳ ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ።

አለቀስኩ። የማላለቅስ ሰው ነኝ፣ ግን እዚያ መሬት ላይ ንፍጤን በእጅጌዬ እየጠረግሁ አለቀስኩ። «ነቅቷል፣ ዶክተር። ሰው ማስገባት ይችላሉ።»

«ማንንም አላስገባም» አለ። «ቁጥሩ ሳያልፍ ማንም ሥሩ አይተኛም። ጨረር መሐል ላይ ቢቆም ስንት እንደተሰጠ የምነግራቸው እኔ ነኝ።» ልክ ነው። የጠፋበትን ሁለት ደቂቃ ቆጣሪው አይቆጥረውም፣ ስለዚህ አራት ከሃምሳ አራት ሆነ ቀጠሯችን። ላፕቶፑን በሁለታችን መሐል አስቀመጥኩ። ሚሊሜትር ሰዓቱን ማየት አቁሞ ነበር። ሃምሳ ሁለት አለፈ። ሃምሳ ሦስት። ሃምሳ አራት ላይ አራቱ ዘጠኞች አንድ ላይ ዞረው ዜሮ ሆኑ፣ ፊታቸው ያለው ሦስትም አራት፦ አርባ ሺህ። መብራቱን አየሁ። አረንጓዴ ነው። ለአንድ ደቂቃ አላመንኩትም፣ ከዚያም ግልበጣው ሃምሳ አምስት ከመቶ ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

ሚሊሜትር ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ። «ሁሉንም ጽፈሽ ነገ ጠዋት ቢሮዬ ታመጪልኛለሽ» አለ። «እስከዚያ ከዚህ ክፍል ምንም አትንኪ።» ደረጃውን ወጣ።

ትንሽ ቆይቼ እኔም ወጣሁ። ሕመምተኞቹ ቀና ብለው አዩኝ። እህቴ ተነሥታ የመግቢያው በር አጠገብ ቆማለች፣ ወረፋዋ ደርሷል።

«ተርፏል፣ እትዬ» አልኳት።

«ነግረውናል።» አገጬን ይዛ ቀና አደረገችኝ፣ ልጅ ሳለሁ የቤት ሥራ ሳልሠራ ስቀር እንደምታደርገው። «ስንት ሰዓት ላይ ነው ያወቅሽው?»

አሁን ብዋሽ ማንም አያውቅም። «ሁለት ከሃምሳ ሁለት» አልኩ።

«እውነቱን የተናገርሽውስ?»

«አራት ከአሥር።»

ቁጥር ከቁጥር ለመቀነስ ወረቀት የማትፈልግ ሴት ናት። «አንድ ሰዓት ከአሥራ ስምንት ደቂቃ» አለች። ሹክሹክታዋ ከወትሮው የባሰ ቀጥኖ ነበር። «እኔ እዚህ ተቀምጬ ስላንቺ ሳወራ ነው እንግዲህ ያለፈው።»

«እትዬ፣ ፈርቼ ነው። ሥራዬን…»

«አውቃለሁ። ማንም ይፈራል። ግን ያ ሰዓት ያንቺ አልነበረም፣ ሚጡ።»

ኦፕሬተሯ ስሟን ጠራች፣ ገባች። በስክሪኑ ላይ ሲያስተኟት አየሁ፣ ጭንቅላቷ እንዳይነቃነቅ የሚይዘውን የመረብ ጭንብል ፊቷ ላይ ሲያጠብቁት፣ ዕቅዱ ሲከፈት፤ «አሥራ አምስተኛ ቀን» አለ፣ ሁሉም በቦታው፣ አንድ ቁጥር ሳይጎድል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ያቺን አንድ ሰዓት ከአሥራ ስምንት ደቂቃ ነበር የምቆጥረው።

ስትጨርስ የጭንብሉ መረብ ጉንጯ ላይ ታትሞ ወጣች። ቦርሳዋን ተቀበልኳት፣ ወደ መውጫው አብረን ሄድን። ደረጃው አሥራ ስድስት ነው፣ ሕክምናው ከጀመረ ወዲህ ያዞራታልና ሁልጊዜ ክንዴን ይዛ ነው የምትወርደው። ክንዴን አጥፌ አዘጋጀሁ። እሷ ግን የብረቱን መደገፊያ ያዘች። በሁለት እጇ፣ አንድ አንድ ደረጃ፣ እያረፈች ወረደች፤ እኔም ቦርሳዋን ይዤ ከኋላዋ። አንዴም ዞራ አላየችኝም።

ታች ስትደርስ ቆመች፣ እስክደርስ ጠበቀችኝ።